ከታች የመጣው ከንቲባ፦ ታሪኩን እንወድለታለን፤ ሥራውንስ ማን ያይለታል?

(ከሳክሲ፣ ዳላስ - ፎርት ዎርዝ፣ ቴክሳስ)

ሺህ ጊዜ ብንሰማው የማይሰለቸን አንድ ታሪክ አለ። «ከምንም ተነሥቶ እዚህ ደረሰ» የሚለው ነው። ልጁ እረኛ ነበር፤ ወይም ሊስትሮ፤ ወይም የሱዳንን በረሃ በእግሩ አቋርጦ የመጣ ስደተኛ። እዚህ እንደ ደረሰ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠራ፤ ታክሲ ነዳ፤ ሌሊት ሌሊት ተማረ፤ ዛሬ ይኸውና የቤትና የንግድ ባለቤት፣ ሲብስም ሹም ሆነ። በሠርግ ቤት፣ በለቅሶ ቤት፣ ከቅዳሴ በኋላ በምንጠጣው ሻይ ላይ፣ በየሬድዮናችን ቃለ ምልልስ ይህ ታሪክ ይነገራል። አፍ ያስከፍታል፤ አንዳንዴም ያስለቅሳል።

ታሪኩን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ጥሮ ግሮ ያደገን ሰው ማክበር የወግ ነው። ቅሬታዬ ሌላ ነው። ሰውየው ሥልጣን ከያዘ በኋላም ስለ እርሱ የምንሰማውና የምናወራው ያንኑ ታሪክ ነው። ምን ሠራ? ማንን ጠቀመ? ማንን ጎዳ? ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ «ኧረ እሱ እኮ የድሃ ልጅ ነው!» ይሆናል። የአስተዳደግ ታሪክ የሥራ ሪፖርትን ቦታ ወስዶ ሲቀመጥ ዝም ማለት ተገቢ አይመስለኝም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምተቸው ታሪኩን ነው እንጂ ሰዎቹን አይደለም። ለዚህም ከሁለት የታወቁ ልብ ወለድ ከንቲባዎች ተነሥቼ ወደ አገር ቤት፣ ከዚያም ወደምንኖርባት ወደዚህች ትንሽ ከተማ እመለሳለሁ።

ድርቆሽ አሳሪው ከንቲባ

እንግሊዛዊው ቶማስ ሃርዲ እ.ኤ.አ. በ1886 ያሳተመው «የካስተርብሪጅ ከንቲባ» የተሰኘ ልብ ወለድ አለ። ማይክል ሄንቻርድ የተባለ የሃያ አንድ ዓመት ወጣት ድርቆሽ እያሰረ የሚኖር የቀን ሠራተኛ ነው። አንድ ቀን በገበያ ላይ ሮም የተቀላቀለበት የስንዴ አጥሚት ጠጥቶ ይሰክርና ሚስቱን ከሕፃን ልጇ ጋር ለአንድ መርከበኛ በአምስት ጊኒ ይሸጣታል። ሲነጋ ይጸጸታል፤ ቤተ ክርስቲያን ገብቶም በዕድሜው ልክ፣ ለሃያ አንድ ዓመት፣ መጠጥ ላይቀምስ ይምላል። ከዚያም ካስተርብሪጅ ወደምትባል ትንሽ ከተማ ይሄዳል። ቀጥሎ የምናገኘው ባለጸጋ የእህል ነጋዴና የከተማዋ ከንቲባ ሆኖ፣ ወርቅ ሰዓቱን አንጠልጥሎ፣ ከታላላቆች ጋር ራት ሲበላ ነው።

አንባቢ ልብ ይበልልኝ። እኛ የምንወደው ክፍል፣ ማለትም ከድርቆሽ ማሰር ተነሥቶ እንዴት ወደ ከንቲባነት እንደ ወጣ የሚተርከው፣ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ሃርዲ ወደ ሃያ ዓመት የሚጠጋውን ዘመን በአንድ ዝላይ አለፈው። የእኛ የሬድዮ አዘጋጅ ቢሆን ሦስት ተከታታይ ዝግጅት ይሠራበት ነበር! ደራሲው የዘለለው ግን ጉዳዩ ሌላ ስለሆነ ነው። የሚጠይቀው «ይህ ሰው ሲሾም ምን አደረገ?» ብሎ ነው።

ምን አደረገ? የመጀመሪያው ክስ የዳቦ ነው። ሄንቻርድ ለዳቦ ጋጋሪዎች ርሶ የበቀለ ስንዴ ሸጦ ከተማው የማይበላ ዳቦ በልቷል። በራቱ ግብዣ ላይ ይህን ሲጠየቅ የሰጠው መልስ፣ የተበላሸ ስንዴ መልሶ ደህና ማድረግ የሚችል ሰው ካለ በደስታ እመልሰዋለሁ የሚል ነበር። በእኛ አማርኛ «ካፈርኩ አይመልሰኝ» ነው። ሁለተኛው፣ ሂሳቡን የሚይዘው በጭንቅላቱ፣ ውሉን የሚያስረው በቃሉ ነው፤ መዝገብ የለ፣ ደብዳቤ የለ። ሦስተኛው፣ ኤብል ዊትል የሚባል አርፍዶ የሚመጣ ድሃ ሠራተኛውን ከአልጋው አስነሥቶ ሱሪውን ሳያስታጥቅ በአደባባይ ነድቶታል። ይህን ያደረገው ያው ትናንት የቀን ሠራተኛ የነበረ ሰው ነው። ድህነትን ቀምሶ ማወቁ ለድሃው አልጠቀመውም።

ሃርዲ ግን ሰውየውን ጭራቅ አላደረገውም። ሄንቻርድ ለዚሁ ለዊትል እናት ክረምቱን በሙሉ የማገዶ ከሰል ሲሰጣት እንደ ኖረ በኋላ እንሰማለን። እዚህ ላይ ነው መጽሐፉ ከተራ የሥነ ምግባር ትምህርት የሚሻለው። ይህ ሰው መስጠት ያውቃል፤ ሲሰጥ ግን የሚሰጠው ከራሱ ፈቃድ ነው። ደስ ሲለው ከሰል ይልካል፤ ሲቆጣ ሱሪ ያስወልቃል። እናትየዋም ሆነች ልጇ መብት የላቸውም፤ ያላቸው የጌታው ስሜት ብቻ ነው። ስንቱን የአገራችንን ሹም አስታወሰኝ!

በመጨረሻ ጉዱን የሚያወጣበትም ችሎት ነው። የቀድሞ ከንቲባ በመሆኑ በዳኝነት ተሰይሞ ሳለ የምትቀርበው ተከሳሽ ያችው በገበያው ላይ አጥሚት ትሸጥ የነበረች ሴት ናት። ሚስቱን ሲሸጥ አይታዋለችና ትናገርበታለች። ሄንቻርድ አይክድም፤ እውነት ነው ብሎ ከወንበሩ ይነሣል። ከዚያ ኪሳራው ይከተላል፤ የቀጠረው ስኮትላንዳዊ ወጣት ፋርፍሬ ንግዱንም ቤቱንም ከንቲባነቱንም ይወርሳል።

ለመጽሐፉ አንድ ወቀሳ አለኝ። መጀመሪያ በየሳምንቱ በመጽሔት እየተቆረሰ የወጣ በመሆኑ አጋጣሚ ይበዛበታል። የሞተ የተባለው ይመጣል፤ የተደበቀው ደብዳቤ ይወጣል፤ ዝናቡም በታዘዘበት ቀን ይዘንባል። ሄንቻርድን የጣለው ጠባዩ ነው ወይስ ዕድሉ? ደራሲው ሁለቱንም ይፈልጋል። እኔ ግን ሦስተኛ መልስ አለኝ፦ የጣለው የሚቆጣጠረው መዝገብ አለመኖሩ ነው። ፋርፍሬ ያሸነፈው ቅዱስ ስለሆነ አይደለም፤ እንዲያውም ቀዝቀዝ ያለ ሰው ነው። ሂሳቡ ግን በደብተር ተጽፎ ይገኛል።

የቪክቶር ሁጎ ከንቲባ

ሁለተኛውን ከንቲባ የአማርኛ አንባቢ «ምንዱባን» በሚል ርዕስ በወጣው ትርጉም ያውቀዋል። ዳቦ ሰርቆ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የታሰረው ዣን ቫልዣን ስሙን ለውጦ፣ ሙሴ ማድለን ተብሎ፣ ሞንትሩይ በምትባል የፈረንሳይ ከተማ የዶቃ ማምረቻ ያቋቁማል። የሁጎ መጽሐፍ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1862 ነው። ማድለን ጥሬ ዕቃውንና የአሠራሩን ዘዴ በማሻሻል ወጪ ቀንሶ ከተማዋን ያበለጽጋል፤ ሆስፒታል ይረዳል፤ ትምህርት ቤት ይሠራል፤ እንቢ ቢልም ከንቲባ ይሆናል። ከሄንቻርድ ጋር ሲነጻጸር ይህ መልአክ ነው።

ነገር ግን በዚህ መልአክ ፋብሪካ ውስጥ ፋንቲን የምትባል ድሃ ሴት ልጅ ያለ ባል በመውለዷ ከሥራ ትባረራለች፤ ጸጉሯን፣ ጥርሷን፣ በመጨረሻም ገላዋን ሸጣ ትሞታለች። ከንቲባው አያውቅም። ያባረረቻት የሴቶቹን ክፍል እንድትመራ እርሱ ያመናት ተቆጣጣሪ ናት። ፋንቲን ግን በከንቲባው ስም እንደ ተባረረች ታምናለች፤ ይግባኝ የምትልበት ቦታም የላትም። ደግ ሰው አናት ላይ ተቀምጦ ከሥር ያለው ሥርዓት ጨካኝ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ የተሻለ ያሳየ መጽሐፍ አላነበብኩም።

ከዚያም የባሰው ይመጣል። ቫልዣን በእርሱ ስም ንጹሕ ሰው ሊፈረድበት መሆኑን ሲሰማ ራሱን ያጋልጣል፤ ይታሰራል። ከተማዋስ? ፋብሪካው ይዘጋል፤ ሠራተኛው ይበተናል፤ ብልጽግናው እንደ ጤዛ ይተናል። ሁጎ ይህን በጥቂት መስመር ነው የሚነግረን፤ ብዙ አንባቢም ያልፈዋል። ለእኔ ግን ሥራዬ ምህንድስና ነውና ያችን ገጽ መዝለል አይሆንልኝም።

እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2007 በሚኒያፖሊስ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የነበረው የአይ-35 ደብልዩ ድልድይ ተደርምሶ 13 ሰዎች ሞተዋል። ምርመራው ያገኘው ብረቶቹን ከብረቶቹ የሚያያይዙት ሳህኖች ገና ከዲዛይኑ ከሚገባው በታች ቀጭን መሆናቸውን ነው። ድልድዩ ደግሞ አንዱ ቢሰበር ሌላው ሸክሙን እንዲቀበል ተደርጎ አልተሠራም ነበር። በሙያችን ሁሉም ነገር በአንድ ነጥብ ላይ ከተንጠለጠለ ያ ነጥብ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን አሠራሩ መጥፎ ነው እንላለን። የማድለን ከተማም እንዲሁ ነበረች፤ በአንድ ደግ ሰው ላይ የተንጠለጠለች።

የኮሶ ሻጭ ልጅ

ወደ አገራችን ስንመጣ ከታች የመጣ ገዢ ታሪክ አባት አጼ ቴዎድሮስ ናቸው። አባታቸው ከቋራ ባላባት ወገን ቢሆኑም ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ በእናታቸው ሰደቧቸው። እ.ኤ.አ. በ1855 ነግሠው፣ በ1868 መቅደላ ላይ እስከ ወደቁበት ቀን ድረስም ያ ስድብ አልለቀቃቸውም። ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ብርሃኑ ዘሪሁን በ«የቴዎድሮስ ዕንባ»፣ አቤ ጉበኛ በ«አንድ ለናቱ»፣ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በተውኔቱ ስማቸውን አነሡት። በትውልድ ሐረግ በሚገዛ አገር የኮሶ ሻጭ ልጅን ማወደስ ትልቅ ድፍረት ነበር፤ ሊመሰገኑ ይገባል።

ግን ከዚያ ወዲህ ምን ሆነ? ስድቡ ተገለበጠና ምስጋና ሆነ፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ትናንት «የማን ልጅ ነህ?» ብለን በመኳንንት ልጅነቱ እንሾም ነበር፤ ዛሬም «የማን ልጅ ነህ?» ብለን በድሃ ልጅነቱ እናምናለን። ሁለቱም ሰውን በመወለዱ መመዘን ነው። ያው ድፍረታቸውን የምናደንቅላቸው ቴዎድሮስ እ.ኤ.አ. በ1866 ጎንደርን ሲያስዘርፉና ሲያቃጥሉ፣ ቤቱ ለተቃጠለበት ጎንደሬ የንጉሡ እናት ኮሶ መሸጥ አለመሸጣቸው ምን ሊጠቅመው ይችል ነበር?

በደርግ ዘመንማ ይህ መመዘኛ መንግሥታዊ ሆነ። የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የወረሰው የ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌዎችን፣ አቋቋመ። ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ጭሰኛውና ተከራዩ ከታች ተነሥቶ ራሱን ያስተዳድር ተባለ። «የጭቁን ልጅ» መሆን የሹመት ማረጋገጫ ሆነ። ጥቂት ዓመት ሳይቆይ ግን በቀይ ሽብር ጊዜ በእነዚያው ቀበሌዎች ውስጥ የጎረቤት ልጅ ታሠረ፣ ተገረፈ፣ ተገደለ። ገራፊው ብዙ ጊዜ የድሃ ልጅ ነበር፤ ተገራፊውም የድሃ ልጅ። ታዲያ ታሪኩ ማንን አዳነ?

በ1997 ዓ.ም. ምርጫም ሌላ ትምህርት አግኝተናል። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ፤ ለከንቲባነት የተመረጡት ዶ/ር ብርሃኑ ነጋ ግን ወንበሩን ሳያዩት ወደ እስር ቤት ተወሰዱ። ዶ/ር ብርሃኑ የድሃ ልጅ አልነበሩም፤ የሕዝቡ ድምፅ ግን የድሃውም የሀብታሙም ነበር። ያኔ የጎደለን ሕዝብ የወደደው ሰው አልነበረም፤ ወንበሩን ለተመረጠው የሚያስረክብ፣ የተቀመጠበትንም የሚቆጣጠር ሥርዓት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ለዘመናት የኖረበትን ሰፈር የለቀቀው ነዋሪም ከከንቲባ ጽሕፈት ቤት የሚፈልገው የባለሥልጣን የልጅነት ታሪክ አይደለም። «የት ነው የምገባው? ካሣዬን ማን ያሰላዋል? ቅሬታዬን ማን ይሰማኛል?» የሚል ነው ጥያቄው። «ንጉሥ አይከሰስ፣ ሰማይ አይታረስ» የሚለውን ተረት እስካልቀበርነው ድረስ ንጉሡ የባላባት ልጅ ሆነ የእረኛ ልጅ ልዩነቱ ያን ያህል አይሰማም።

ኦስቲን እና ሳክሲ

በስደት ካለነው ውስጥ የዚህ ታሪክ ታዋቂ ባለቤት አቶ ኦባላ ኦባላ ናቸው። ጋምቤላ ተወልደው፣ በኬንያ የስደተኞች ካምፕ ዓመታት ቆይተው ወደ አሜሪካ መጡ። ዜግነት ባገኙ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ፣ በኖቬምበር 2020 እ.ኤ.አ.፣ በሚኒሶታ የኦስቲን ከተማ ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ። ኦስቲን 26 ሺህ ያህል ሕዝብ ያላት፣ በሥጋ ማሸጊያ የምትታወቅ ከተማ ናት። ከንቲባ አይደሉም፤ ከዚህ ጽሑፍ ርዕስ ጋር ግን ከሁሉ ይልቅ ይቀርባሉ።

ዜናውን አይተን ሁላችንም ኮራን። ዘገባው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነበር፦ «ከስደተኞች ካምፕ ወደ ማዘጋጃ ቤት»። በእኔ ግምት ከዚያ የሚበልጠው ዜና ተከድኖ ቀርቷል። አቶ ኦባላ ገና የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ሳሉ፣ የሚበሉት አጥተው ክፍል ለሚገቡ ተማሪዎች የሚረዳ የስቴት ሕግ እንዲወጣ ሕግ አውጪዎችን ከወተወቱት የተማሪ መሪዎች አንዱ ነበሩ። ይህ ሥራ ነው፤ ሊመዘን ይችላል። ሌላው ከእኛ አንዱ ምክር ቤት መግባት ቢፈልግ ሊማርበት የሚገባው ካምፑን አይደለም፤ ይህን ውትወታ ነው። የካምፕ ታሪክ ግን ለሰሚው ይጣፍጣልና እርሱን ብቻ እንቀባበላለን።

አሁን ወደ ሳክሲ ልመለስ። ከጋርላንድ እየወጣን ወደዚህ፣ ወደ ዋይሊና ወደ መርፊ እየተሻገርን ቤት የገዛን ኢትዮጵያውያን ቁጥራችን ቀላል አይደለም። ሳክሲ በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 27 ሺህ ያህል ሰው የተቆጠረባት፣ ግማሽ ጎኗ በዳላስ ካውንቲ፣ ሌላው በኮሊን ካውንቲ ያረፈ ከተማ ናት። የምትተዳደረው በአካባቢያችን እንደ ተለመደው በምክር ቤትና በሥራ አስኪያጅ ነው። ከንቲባውና የምክር ቤት አባላቱ ይመረጣሉ፤ የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚመራው ግን ምክር ቤቱ የሚቀጥረው የከተማ ሥራ አስኪያጅ ነው። ትልቋ ዳላስ ራሷ የምትሠራው በዚሁ ዓይነት ነው።

ይህ አሠራር ከሄንቻርድና ከማድለን ከተሞች ጋር ሲታይ ትርጉሙ ይገባል። ከንቲባው ብቻውን ሠራተኛ አያባርርም፤ ብቻውን በጀት አያጸድቅም። ስብሰባው ክፍት ነው፤ አጀንዳው አስቀድሞ ይለጠፋል፤ ሰነድ ለጠየቀ ዜጋ ይሰጠዋል። ፍጹም ነው አልልም። የተለጠፈ አጀንዳ የሚያነብ ሰው ከሌለ ያልተለጠፈ ያህል ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ያልተመረጠ በመሆኑ ምክር ቤቱ ከተኛ ማን ይጠይቀዋል? ቢሆንም ሸክሙ በአንድ ብሎን ላይ አልተንጠለጠለም። ከሄንቻርድ የጭንቅላት ሂሳብ የፋርፍሬ ደብተር ይሻላል።

በየዓመቱ የምርጫ ወር በሆነው በሜይ አካባቢ ፖስታ ሣጥናችን በወረቀት ይሞላል። ወረቀቱ ምን ይላል? በእርሻ ላይ ማደጉን፣ ሌሊት እየሠራ መማሩን፣ የልጆች አባት መሆኑን። የአሜሪካኑም ታሪክ ያው የእኛው ታሪክ ነው! የፕሮፐርቲ ታክስ ምጣኔው ስንት ይሁን፣ የውሃ ቢላችን ለምን ይጨምራል፣ ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚሞላው መንገድ መቼ ይሠራል፣ ባዶው መሬት ላይ መጋዘን ይሁን መኖሪያ የሚሉት ግን በትንንሽ ፊደል ከታች ናቸው፤ ወይም የሉም። እኛም ብዙዎቻችን ስለ አዲስ አበባ ከንቲባ ሌሊቱን ስንከራከር አድረን፣ የራሳችንን ከተማ ምርጫ ቅዳሜ ቀን ሥራ አለብን ብለን እናልፈዋለን።

ታዲያ ምን እንበል?

አንዳንድ ወዳጆቼ «ከታች የመጣ ሰው ቢያንስ የድሃውን ሕመም ያውቃል» ይሉኛል። ይህ ቀላል ክርክር አይደለም። በጦርነት ተማርከው በልጅነታቸው ወደ ቤተ መንግሥት የገቡት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ እስከ ጦር ሚኒስትርነት ደርሰው እስከ ዛሬ በፍርድ ዐዋቂነታቸው ይወሳሉ። ከታች መምጣት ዓይን ሊከፍት ይችላል፤ እቀበላለሁ። ግን ዓይን መክፈቱን የምናውቀው በምን ነው? የምንጠቅሰው ፍርዳቸውን ነው እንጂ ምርኮኛነታቸውን አይደለም። ሄንቻርድም ሕመሙን ያውቅ ነበር፤ ዊትልን ግን በአደባባይ ከማዋረድ አልከለከለውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብሎ የሚተርት ሕዝብ መካከል ደግሞ፣ «ብዙ ተርቦ የመጣ ነው» ማለት ዋስትና ከመሆን ይልቅ ማስጠንቀቂያ ሊሆንም ይችላል።

ስለዚህ ሐሳቤ ቀላል ነው። ከእኛ ወገን ነገ ለሳክሲ፣ ለጋርላንድ ወይም ለሌላ ከተማ ምክር ቤት የሚወዳደር ይነሣል፤ መነሣቱም አይቀርም። ያን ቀን ታሪኩን እንስማለት፤ እናጨብጭብለት። ጭብጨባው ሲያበቃ ግን ሦስት ጥያቄ እናቅርብለት። እስከ ዛሬ ለጎረቤትህ ምን ሠርተሃል? የማትወደው ሰው አቤቱታ ሲያቀርብብህ በየት በኩል ያልፋል? አንተ ብትሄድ የጀመርከው ሥራ ማን ይቀጥለዋል? ለማኅበራችን ሊቀ መንበር፣ ለቤተ ክርስቲያናችን ሰበካ ጉባኤ፣ ለእድራችን ገንዘብ ያዥም ጥያቄው ይኸው ነው። ማን ያውቃል፣ አገር ቤት የምንመኘውን ዓይነት ሹም መጠየቅ የምንለማመደው ከእድራችን ደብተር ጀምረን ይሆናል።

ጥያቄዎቹን የሚቀየም ተወዳዳሪ ካለ ታሪኩ የቱንም ያህል ቢያስለቅስ ድምፄን አይወስድም። ደስ ብሎት ደብተሩን የሚዘረጋ ከመጣ ደግሞ፣ አባቱ ደጃዝማች ይሁኑ እናቱ ኮሶ ይሽጡ፣ በሜይ የመጀመሪያው ቅዳሜ ጠዋት ከሰልፉ ፊት ታገኙኛላችሁ።

ቸር ይግጠመን።